የእናቴን እጅ ጤና ጣቢያ አስገቡልኝ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለክልል ጤና ቢሮዎች፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ማሸትን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤው ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የተማርኩት ጎንደር ነው። የምሠራው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ብርድ በማይጠፋባት አንዲት ከተማ ነው። እናቴም እዚያው ትኖራለች። ሰው ታሻለች። ሰርተፍኬት የላትም፣ ጋውን የላትም፣ በሯ ላይ የተለጠፈ ነገር የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ግቢያችን ብትገቡ አግዳሚው ላይ የተደረደረውን ሰው አይታችሁ ለቅሶ የደረሳችሁ ይመስላችኋል።

እኔና እናቴ የምናየው አንድ ሰው ነው። ጠዋት ወገቡን ይዞ እኔ ጋ የመጣው ሰውዬ፣ ማታ እሷ ጋ አለ። ለእኔ ስለ እሷ አይነግረኝም፤ እንዳልቆጣው ይፈራል። ለእሷም ስለ እኔ አይነግራትም። ልጇ እንደሆንኩ እንኳ የማያውቁ አሉ። በዚህ ዓይነት ሁለታችንም ግማሽ ግማሹን ታሪክ ይዘን እንሠራለን። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሥራዋን ላሳያችሁ። ባለፈው ዓመት የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ለምግብ ቤቶች እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ምጣድ ላይ ስትጎነበስ፣ አክንባሎ ስታነሳና ስታወርድ ዓመታት አልፈዋል። ቀኝ ትከሻዋ ደረቀ። እጇን ወደ ራሷ ማንሳት አቃታት። ጸጉሯን የምትሠራላት ልጇ ሆነች። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት ቀረ።

ሴትዮዋ ስትመጣ እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው አለማሸት ነው። አስቀመጠቻት። ቡና ቀዳችላት። ከዚያ ሲኒውን በየትኛው እጇ እንደምታነሳ ዝም ብላ አየች። ነጠላዋን ስታስተካክል አየች። ብዙ ጥያቄ አልጠየቀችም። እኔ ሐኪም ቤት በቅጽ የምሞላውን ነገር እሷ ቡናው እስኪያልቅ ድረስ ጨረሰችው።

ከዚያ የኑግ ዘይት በብረት ኩባያ አድርጋ ፍም ዳር አስቀመጠች። ሙቀቱን በራሷ ክንድ ለካች። ትከሻውን ግን አልነካችውም። ከመዳፍ ጀመረች። አውራ ጣት ሥር ያለችውን ወፍራም ሥጋ በሁለት አውራ ጣቷ ቀስ እያለች ከፈተቻት። ወደ ክንድ ወጣች። ከዚያ ወደ አንገት ሥር፣ ከዚያ ወደ ደረት ጎን። ትከሻው ጋ የደረሰችው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ሴትዮዋ ትንፋሿን መያዝ ትታ ነበር። አስተውላችሁ ከሆነ የሚያመው ሰው ትንፋሹን ይይዛል። እናቴ እጇን የምታንቀሳቅሰው ሰውየው አየር ሲያወጣ ብቻ ነው። ይህንን ማን እንዳስተማራት ብጠይቃት "ሊጥም እኮ ሲተነፍስ ነው የሚታወቀው" ብላ አለፈችው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ "በይ ተነሺ" አለቻት። ግድግዳው ፊት አቆመቻት። በጣቶቿ ግድግዳውን እየቧጠጠች እንደ ሸረሪት እንድትወጣ አደረገቻት። የደረሰችበት ላይ በከሰል ጭረት አደረገች። "በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቺን ታልፊያታለሽ። እስከዚያ ቤትሽ ግድግዳ ላይ በቀን ሦስት ጊዜ።"

የቤታችን የጓዳ ግድግዳ በከሰል ጭረት የተሞላ ነው። አባቴ ለፋሲካ ቤቱን ቀለም ሲቀባ ያንን ጥግ እንዳይነካ ታዟል። የእያንዳንዱ ሰው ጭረት በየሳምንቱ ወደ ላይ ይሄዳል። አንዳንዱ መሃል ላይ ቆሞ ቀርቷል። እነዚያ የተሻላቸው ናቸው ወይስ ተስፋ የቆረጡ፣ እሷም አታውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ደረቀ ትከሻ ስንማር መምህራችን በጣት ግድግዳ መውጣትን እንደ አንድ የታወቀ እንቅስቃሴ ሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳየን። ሳቄን እንዴት እንዳፈንኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ለሚዛን ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የደረቀ ትከሻ ብዙ ጊዜ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ወስዶ በራሱም ጊዜ ይላላል። ስለዚህ ለሴትዮዋ መዳን ምስጋናው ሁሉ የእናቴ ነው አልልም። ግን ያ ዓመት እንዴት ያልፋል? ልጆች የምታሳድገው በዚያ እጇ ነው።

ማሸት ለእኛ የመጣ ፋሽን አይደለም። አብዛኞቻችን ዓይናችንን ሳንገልጥ በቅቤ ታሽተናል። አራስ ትታሻለች። አባት ከእርሻ ሲመለስ እግሩ በሞቀ ውኃ ይታጠባል፤ ሲታጠብ ደግሞ ተረከዙና ባቱ ይታሻል። "ና እስቲ ጀርባዬን ርገጥልኝ" ተብሎ አባቱ ወገብ ላይ ያልቆመ ልጅ ስንት ነው? ወገቡ የከበደው ወደ ሶደሬ ወይ ወደ ወንዶ ገነት ይወርዳል። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1886 እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውኃው ዳር ቤት ባሠሩ ጊዜ ነው። (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ እንዳትደናገሩ።) ዋና ከተማችንን የሠራናት ሙቅ ውኃ ፍለጋ ወርደን ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ማሸት ምን እንደሚያደርግ ግን በቅጡ አንነጋገርም። አሺዎቹ "ብርዱን አወጣሁት" ይላሉ። "ጅማቱ ዞሮ ነበር፣ መለስኩት" ይላሉ። "ዲስኩን ገፋሁት" የሚልም አለ። እኛ ነጭ ለባሾቹ ደግሞ በዚህ ስቀን እናልፋለን። ሰውየው ግን ተሽሎት ነው የሄደው፤ ምን ተደርጎለት እንደተሻለው ለመጠየቅ እንኳ ሰነፍን።

የምናውቀው ይህን ያህል ነው። ጣታችንን በር ሲቀረጥፈው ወዲያው እናሸዋለን። ማንም አላስተማረንም። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚህ ነገር ማብራሪያ አቀረቡ። የንክኪው መልእክትና የሕመሙ መልእክት አከርካሪ ውስጥ በአንድ በር ነው የሚያልፉት፤ ንክኪው ሲበዛ ሕመሙን ይጋፋዋል። በዚያ ላይ ጡንቻ ይላላል፣ ትንፋሽ ይረጋጋል፣ እንቅልፍ ይመጣል። አንድ ሰው ለአርባ ደቂቃ ሙሉ ትኩረቱን ሰጥቶህ እንደነበር ሰውነትህ ያውቃል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ሐኪም ቤት ለአንድ ሰው ያለችኝ አሥራ አምስት ደቂቃ ናት፤ ከሷም ላይ ካርድ ፍለጋው ይቀነሳል።

የተንሸራተተ ዲስክ ግን በእጅ ተገፍቶ አይመለስም። አብዛኛው ራሱ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይረግባል። በማሸት የሚገኘው እፎይታም አጭር ነው፤ ለጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀን። ያቺ አጭር ጊዜ ናት ወርቋ። ሰውየው በእሷ ከተራመደ፣ ከተንጠራራ፣ ጎንበስ ቀና ካለ ይጠቀማል። ታሽቶ ሄዶ ጋቢ ተከናንቦ ከተኛ ሰኞ ተመልሶ ይመጣል። እናቴ ከማሸቱ በኋላ "ተነሺ" የምትለው ለዚህ ነው። ከማታነሳው አሺ የሚለያትም ይኸው ነው።

ይህ የእኔ የልጅነት ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ለከረመ የታችኛው ወገብ ሕመም መመሪያ አወጣ። ለታማሚው ስለ ሕመሙ ማስረዳት፣ የእንቅስቃሴ ፕሮግራም፣ ከዚያም ማሸትና መሰል የእጅ ሕክምናዎች ሊሰጡ እንደሚችሉ ይላል። ስለ ማሸቱ ያለው ማስረጃ ጠንካራ እንዳልሆነም አብሮ ይናገራል። ይህንን አልደብቅም። የማይመከሩት ውስጥ ደግሞ ማን አለ? የወገብ ቀበቶ! በየመንገዱ፣ በየፋርማሲው ተሰቅሎ የሚሸጠው ያ ጥቁር ቀበቶ። ቀበቶውን ለመሸጥ ማንም ሲሳቀቅ አላየሁም። የምትሳቀቀው የምታሸው እናቴ ናት።

ያው ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገቡ ያመው ነበር። በ2050 ቁጥሩ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። ከእነዚያ ውስጥ የእኛዎቹን አውቃቸዋለሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት አለች። መርካቶ ጆንያ የሚያነሳ ወጣት አለ። ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ ሲሸምን የሚውል አለ። ኮምፒውተር ላይ አንገቱን ቀስሮ የሚውል የቢሮ ሰውም አለ፤ ምናልባት ይህንን እያነበባችሁ ያላችሁት እናንተም።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአህያ ላይ ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ ጋ ወሰዱት። ወጌሻው ጎትቶ አስተካከለው፤ በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። "ስብራት ነው፤ ያማል፤ ወንድ አይደለህ?" ተባለ። በሁለተኛው ቀን ማልቀሱን ተወ። ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ ተደሰተ። በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ሲመጣ ጣቶቹ ጠቁረው፣ ቀዝቅዘው ነበር። ማልቀስ የተወው እጁ ስለሞተ ነው። ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

እኔ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። በግራ እጁ ቁልፍ መቆለፍ እያስተማርኩት ነበር። ሦስተኛዋን ቁልፍ እየታገለ፣ ቀና ሳይል "ኳስ ግን በእግር ነው አይደል?" አለኝ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት ደቂቃ አይፈጅም። የተሰበረ እጅ ያብጣል። ቀርከሃው ግን አይለጠጥም። እብጠቱ የሚሄድበት ሲያጣ ደም ሥሮቹን ይጨፈልቃል። ጡንቻ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ገደማ ከቆየ በኋላ ማዳኑ እየከበደ ይሄዳል። ምልክቶቹ ደግሞ ግልጽ ናቸው። ከስብራቱ ልክ ያለፈ ሕመም አለ፤ ጣቶቹን ቀና ሲያደርጉለት ይጮኻል። መደንዘዝ፣ መንጣት፣ መቀዝቀዝ ይከተላል።

ያን ቀን ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ስብራት አታስርም፤ ማሸት ብቻ ነው። ወጌሻውን ግን ታውቀዋለች፤ በአንድ እድር ናቸው። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "እንዴት ይታወቅ ነበር?" አለችኝ። አውራ ጣቷን ይዤ ጥፍሯን ተጫንኩት። ነጣ። ለቀቅኩት። ቀላ። "አንድ፣ ሁለት ብለሽ ቆጥረሽ ካልቀላ፣ ማሰሪያው ይፈታ። ሰዓት ሳይፈጅ ሐኪም ቤት።" ደጋግማ የራሷን ተጫነች። የእኔን ተጫነች። የአባቴን ተጫነች፤ እሱ እንቅልፍ ላይ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወጌሻውን አግኝታ አሳይታው መጣች። ክፉ ሰው አይደለም። ከልጁ በኋላ ማሰር ትቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተወውም። አሁን ያሰረውን ሰው ሁሉ ጥፍሩን ይጫናል። ማታ ማታ እየዞረ በየቤቱ ያያል። ይህንን ለማወቅ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ መቆየት፣ የአንድ ልጅ እጅም መቆረጥ ነበረበት ወይ? ጥፍር መጫን እኮ ነው።

ይህን ስል አዲስ ነገር አላመጣሁም። እዚሁ አገራችን ውስጥ ወጌሻዎችን ሰብስቦ አጭር ሥልጠና የሰጠ ሐኪም ነበረ። በአስተሳሰር ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ አገር በሚታተም የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። እኔ ያነበብኩት ተማሪ ሆኜ ነው። የሚገርመኝ መሠራቱ ሳይሆን በየወረዳው አለመደገሙ ነው።

ሕዝቡ ለምን ወጌሻ ጋ ይሄዳል የሚለውን በስብሰባ ስንሰማ "የግንዛቤ እጥረት" ይባላል። ተዉት። ወጌሻው ቅርብ ነው። ቋንቋውን ያውቃል። በዱቤ ይሠራል። ደግሞም "ሆስፒታል ከሄድክ ይቆርጡሃል" የሚል ወሬ አለ። ወሬው ከየት መጣ? የሚመጡት ዘግይተው ነው፤ ስለዘገዩ ይቆረጣሉ፤ የተቆረጠውን ያየ ጎረቤት ደግሞ ይፈራና ይዘገያል። ይህንን አዙሪት በፖስተር አትሰብሩትም። የሚሰብረው "እኔ ጋ አይደለም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ" የሚል ወጌሻ ነው። እሱ ሲላቸው ይሄዳሉ። እኔ ስላቸው አይሄዱም።

ሌላም ጣጣ አለ፤ ስሙ።

ጓደኛዬ ማሳጅ በሥነ ሥርዓት የተማረች ልጅ ናት። አናቶሚ ታውቃለች። ለስፖርተኞች ሠርታለች። የራሷን ቤት ልትከፍት ፈቃድ ጥየቃ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች። መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ፎርሙን አየ፤ እሷን አየ፤ "ማሳጅ? ከነሙሉ አገልግሎቱ?" ብሎ ጎኑ ላለው ባልደረባው ጠቀሰ። ተሳሳቁ። ልጅቷ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። ዛሬ የምትሠራው "የውበት ሳሎን" በሚል ፈቃድ ነው። ወረቀቷ ላይ የጥፍር ቀለም አለ፤ የምትሠራው ወገብ ግን የለም።

አንዳንድ ቤቶች "ማሳጅ" ብለው ጽፈው ሌላ ነገር እንደሚሸጡ አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ። ግን የሐሰት ብር አለ ተብሎ ብር አይከለከልም። ሙያው የራሱ ደረጃ፣ የራሱ መለያ ቢኖረው ኖሮ ያ ሰውዬ መስኮቱ ላይ የሚጠቅስበት ቀዳዳ አይኖረውም ነበር። የሚገርመው ደግሞ ስታዲየም ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ተጫዋች ሲወድቅ ወጌሻው ቦርሳውን ይዞ ሲሮጥ ይጨበጨብለታል። የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ባታቸውንና ጭናቸውን ሳይታሹ ሳምንት አያልፉም። ለሜዳሊያ ሲሆን ሙያ፣ ለጋጋሪዋ ትከሻ ሲሆን ነውር የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ ፈትቶታል። ታይላንድ ባህላዊ ማሸቷን በትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ መዝግቦላታል። ጃፓን ውስጥ ማሸት ለዘመናት የዓይነ ስውራን ሙያ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም ብሔራዊ ፈተና ተፈትነው ፈቃድ ይይዛሉ። እኛ አገር ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ዓይነ ስውራንን ሳይ ይሄ ነገር ትዝ ይለኛል። እስቲ አስቡበት።

የምጠይቃችሁን ልንገራችሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት። በየቀበሌው ሁለት ሠራተኛ፣ በአገር ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ቤት ለቤት ዞሩ። ሽንት ቤት አስቆፈሩ፣ ክትባት አስከተቡ። ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ። በእነዚያ ፓኬጆች ውስጥ ግን ወገብ የለም። ጉልበት የለም። የሚያመው እንጂ የማይገድለው ሕመም ባለቤት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ ጠቃሚ የሆነው ባህላዊ ሕክምና ትኩረት ይሰጠዋል ብሎ ነበር። ትኩረቱ እናቴ ግቢ እስኪደርስ እየጠበቅን ነው።

ስለዚህ በየጤና ጣቢያው አንዲት ክፍል ስጡን። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ግድግዳ ይበቃል። ግድግዳው የግድ ነው። አካባቢው የሚያውቃቸውን አሺዎችና ወጌሻዎች ጠርታችሁ ለአምስት ቀን ከእኛ ጋር አስቀምጧቸው። እኛ ጥፍር መጫን እናስተምራለን። እነሱ ትንፋሽ መጠበቅ ያስተምሩናል። ሲጨርሱ መታወቂያ ይሰጣቸው። መታወቂያው ላይ "ታሻለች፤ ስብራት አታስርም" ወይም "ያስራል፤ በማግሥቱ ለጤና ጣቢያ ያሳያል" ተብሎ ወሰኑ ይጻፍ። አንዲት የመላኪያ ብጣሽ ወረቀትም ይያዙ። እናቴ ማንበብ ትችላለች፤ ለማይችሉት ቀለሙ ይበቃል። ቀይ ብጣሽ ይዞ የመጣ ሰው ወረፋ አይጠብቅ። ይህቺ አንዷ ነገር እንኳ ብትሆን ብዙ ትለውጣለች። አሺዋ የላከችው ሰው ተመልሶ "ጥሩ አድርገሽ ነው የላክሽኝ" ሲላት ሌላውንም ትልካለች።

ቀይ ብጣሽ መቼ ይሰጣል? ይህንን ለአንባቢም ጭምር ነው የምለው፤ አሺው ባይነግራችሁ እናንተ እወቁ። ወገቡን የሚያመው ሰው ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ወይም ብልቱ አካባቢ ከደነዘዘው አይታሽም፤ ያኑ ቀን ሐኪም ቤት ነው። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ካመመ አይነካም። ውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፤ ሲታሽ ተነስቶ ሳንባ ይዘጋል። ወገብ የሚያመው ሰው ማታ ማታ ካተኮሰው፣ ካላበው፣ ከከሳ፣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ብርቅ አይደለም። "ብርድ ነው" እየተባለ ሲታሽ ከርሞ እግሩ የሰለለበት ሰው አይቻለሁ። የእርጉዝ ሆድ "ልጁን ላስተካክል" ተብሎ አይታሽም። ወለምታ በደረሰበት ቀን አይታሽም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ፣ ከፍ ይበል፣ ቀዝቃዛ ይደረግበት። ትኩስ ወለምታን በኃይል ማሸት እሳት ላይ ጋዝ ነው። የሕፃን አንገት ደግሞ ማንም "ላቃና" ብሎ አያዙር። እናቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች እያልኩ አይደለም። ግማሹን ያወቀችው ከእኔ ነው፤ በእራት ሰዓት፣ አንዳንዴም በጭቅጭቅ። የእርጉዝ ሆዱ ላይ ሁለት ወር ተኳርፈናል።

ሌላው ቤት ውስጥ ያለው ማሸት ነው። ስትሮክ የመታው አባት ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰቡ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። እንዴት እንደሚነካ ግን ማንም አያሳየውም። ልጆቹ በፍቅር ብዛት የሰለለውን እጅ ይዘው ከአልጋ ይጎትቱታል። ትከሻው ይወልቃል። አሁን ሽባነቱ ላይ ሕመም ተጨመረ። እጁ ተይዞ አይጎተትም፤ ከወገቡና ከትከሻ አጥንቱ ተደግፎ ነው የሚነሳው። ጣቶቹ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ በአንድ ይከፈቱ፣ ክርኑ ይታጠፍ ይዘርጋ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ይገፋ፤ ቀስ ተብሎ፣ እያዋሩት። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፤ አለዚያ ጀርባው ይቆስላል። ቆዳው በዘይት ይታሽ፤ የቀላው ቦታ ግን አይታሽ። ይህን ለማሳየት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከሆስፒታል ሲያስወጡ ይህን ሳያሳዩ አታስወጡ። ሰው ቤቱ ሲገባ የሚይዘው እጅ እኮ የእኛ አይደለም፤ የልጁ ነው።

ገንዘብ የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። የጠየቅሁት ማሽን አይደለም። የኑግ ዘይትም እኛው እናመጣለን።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ደብዳቤ ይቆጡኛል። "አራት ዓመት ተምረን ከወጌሻ ጋር ልታስተካክይን ነው?" የሚል ቀድሞ ደርሶኛል። አይደለም። እኔ ኤምአርአይ አነባለሁ፣ እናቴ አታነብም። ይሄ ልዩነት አለ፣ ትልቅም ነው። ግን ኤምአርአይ እስኪደርሰው ወር የሚጠብቅ ሰው በዚያ ወር ውስጥ የሚሄደው እናቴ ጋ ነው። ብንፈልግም ባንፈልግም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። መልስ በደብዳቤ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ከዚያ በላይ ግን ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ ቢያይ ይሻለኛል። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ቡና ይኖራል። ወገቡን የሚያመው ካለ ምሳ ጠግቦ እንዳይመጣ፤ እናቴ ሆዱ የሞላ ሰው በግንባሩ አታስተኛም። ጃኬት ያዙ፣ ከተማው ይበርዳል። ስትገቡ ሲኒውን በየትኛው እጃችሁ እንደምታነሱ እያየች መሆኑን አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣

የአሺዋ ልጅ